የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም

የቤት ዓሣን ከቸልተኝነት ይልቅ የንጽሕና ፍቅር የሚገድለው ይመስለኛል። ውኃው ጥቂት ሲደፈርስ ዓሣው ወደ ሳፋ ይዛወራል፤ ገንዳው ይደፋል፤ አሸዋው፣ ድንጋዩና የማጣሪያው ስፖንጅ በሳሙና፣ አንዳንዴም በበረኪና ይታጠባሉ፤ ከዚያም ገንዳው ከቧንቧ በቀጥታ ይሞላል። መስተዋቱ ያብረቀርቃል። ዓሣው በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ሲሞት «ዕድሜው ደርሶ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ነገሩ የዕድሜ አይደለም። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። በአሸዋውና በስፖንጁ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹ በበቂ መጠን ለመራባት ሳምንታት ይፈጅባቸዋል፤ በበረኪና ለማለቅ ግን ደቂቃዎች ይበቃሉ። ከለገዳዲ ተጣርቶ የሚመጣው የቧንቧ ውኃም ለእኛ ጤና ሲባል ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ክሎሪን ጠቃሚውን ባክቴሪያ ከጎጂው አይለይም፤ የዓሣውንም ስንጥብ ያቆስላል።

ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ከውኃው ሩቡን ብቻ ቀይሩ። ተተኪውን ውኃ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ሳትከድኑ አንድ ቀን አቆዩት፤ ክሎሪኑ ይተናል፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር ይስተካከላል። ስፖንጁን ከገንዳው በወጣው አሮጌ ውኃ እጠቡት። ያው ውኃ ናይትሬት ስላለበት ለአበባ ተክል ይጠቅማል። ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሰፈሮቻችን ገንዳን ሙሉ በሙሉ መድፋት ብክነትም ነው።

ፊዚክስ አስተማሪ በመሆኔ ይበልጥ የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው። በየካ የምንኖር ሰዎች የዓሣ አያያዝን የምንማረው በባሕር ወለል አቅራቢያ ለሚኖሩ ከተጻፉ መመሪያዎች ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄንሪ በ1803 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በውኃ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ መጠን ከውኃው በላይ ካለው የጋዙ ግፊት ጋር ተመጣጣኝ ነው። ይህን ሕግ ለፈተና እንሸመድደዋለን፤ ሳሎን ስንገባ እንረሳዋለን። በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየር ግፊት የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በባሕር ወለል አንድ ሊትር ውኃ 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ከ7 ሚሊግራም በታች ይይዛል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የእንጦጦ አናት ደግሞ ከዚህም ያነሰ። እንግዲህ መመሪያው «አራት ዓሣ» ሲል እኛ «ሦስት» ብለን ማንበብ ይገባናል። ውኃውን ማሞቅም ኦክስጅኑን ይቀንሰዋል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ለሚስማማው ጎልድፊሽ ማሞቂያ አያስፈልገውም።

ኦክስጅን የሚገባው በውኃው ገጽ በኩል መሆኑም መዘንጋት የለበትም። መሐሉ 30፣ አንገቱ 15 ሳንቲሜትር ስፋት ያለውን ድቡልቡል ገንዳ እስከ አንገቱ የሞላ ሰው የውኃውን ገጽ ወደ ሩብ አውርዶታል። ለውበት ሲባል ዓሣ ማፈን!

ጌጡን በተመለከተ፣ ባለ ቀለሙን የፕላስቲክ ግንብ አልወደውም፤ የእንጦጦ ድንጋይ ይበልጥብኛል። እንጦጦ የእሳተ ገሞራ ሥራ ስለሆነ ድንጋዩ በውኃ የሚሟሟ ዓይነት አይደለም። እብነ በረድና የባሕር ዛጎል ግን ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ቀስ በቀስ እየሟሙ የውኃውን ፒኤች ከፍ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ፒኤች ሲጨምር ደግሞ የአሞኒያው መርዛማነት ይበረታል። መለያው ኮምጣጤ ነው፤ ጠብታው ድንጋዩ ላይ አረፋ ካወጣ ተዉት። ከቀበና ወንዝ አሸዋ አታምጡ፤ የከተማው ፍሳሽ ይገባበታል። ማኖር የሰለቻችሁንም ዓሣ እዚያ አትልቀቁት፤ ለሚፈልገው ጎረቤት ስጡት።