ወረርሽኝ ሳይመጣ ሐኪም ቤትን ስለ ማጽናት

የአንድ አገር ብርታት የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው። ክፉው ቀን በመጣ ጊዜ ግን በደኅናው ቀን የተዘጋጀው ይገለጣል እንጂ አዲስ ኃይል አይፈጠርም። ይህ ነገር ስለ ጦር ሠራዊት ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ስለ ሐኪም ቤት ግን እምብዛም ሲነገር አይሰማም።

በኅዳር ወር 1911 ዓመተ ምሕረት ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ሲደርስ፥ በከተማይቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ዳኑ፤ ከሕዝቡ ግን ብዙው አስታማሚ አጥቶ ዐለቀ። የኅዳር በሽታ የተባለው ይህ ነው፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናቃጥለውም የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ነው።

እንዲህ ያለ ወረርሽኝ በሁለት መንገድ ይገድላል። አንደኛው በራሱ በደዌው ነው። ሁለተኛው ለሌላው ሕመምተኛ ይሆን የነበረውን ሐኪም፥ አልጋና መድኃኒት በመንጠቅ ነው። በመጀመሪያው የሞተው ይቈጠራል፤ በሁለተኛው የሞተው ግን ብዙ ጊዜ ሳይቈጠር ይቀራል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው በምዕራብ አፍሪካ የደረሰው ነው። ከ2006 እስከ 2008 ዓመተ ምሕረት በጊኒ፥ በላይቤሪያና በሴራ ሊዮን የኢቦላ በሽታ ከ11 ሺሕ በላይ ሰው ፈጀ። ላይቤሪያ ከሐኪሞቿ፥ ከነርሶቿና ከአዋላጆቿ ከመቶ 8 ያህሉን፥ ሴራ ሊዮንም ከመቶ 7 ያህሉን አጡ። በሽታው ሲያልፍ የሞተችው አዋላጅ አልተመለሰችም። ሕዝቡም ሐኪም ቤቱን ፈርቶ ስለ ነበር፥ ወባ የያዘው ሕፃንና ምጥ የያዛት ሴት በየቤታቸው ቀሩ።

ከዚያም ኮቪድ መጣ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2020 እና በ2021 በዚህ በሽታ መሞታቸው የተመዘገበው 5.4 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፥ የዓለም ጤና ድርጅት ግን በወረርሽኙ ምክንያት በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የሞተውን 14.9 ሚሊዮን አድርጎ ገምቷል። የሳንባ ነቀርሳ የሚገድለው ሰው ቍጥር ከዐሥር ዓመት በላይ ሲቀንስ ከቈየ በኋላ በ2020 እንደ ገና ከፍ አለ፤ የሳንባ ነቀርሳው ሕመምተኛ ሳይመረመርና መድኃኒት ሳያገኝ ቀርቷልና።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓመተ ምሕረት ተገኘ። በዚያ ዘመን ከተሠራው ሥራ ሁለቱ ሊመሰገኑ ይገባል። አንደኛ፥ የሚሊኒየም አዳራሽ ማከሚያ እንዲሆን በመደረጉ የሐኪም ቤቶች ሸክም ቀለለ። ሁለተኛ፥ ለሚያዝያ ታስቦ የዘገየው የኩፍኝ ክትባት ወረርሽኙ እስኪያልፍ ሳይጠበቅ በሰኔ መጨረሻ ተጀመረ፤ ክታቢዎቹም አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናትን ለመከተብ ተሰማሩ።

ምናልባት «ላልመጣ በሽታ ገንዘብ ማውጣት ማባከን ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጎተራ የሚሠራው መከሩ ሲሰበሰብ እንጂ ረኃቡ ሲገባ አይደለም። ደግሞም ለወረርሽኝ የተዘጋጀው በሌላ ጊዜ ሥራ አይፈታም። በ2013 ዓመተ ምሕረት በሚያዝያ ወር በሕንድ አገር ብዙ ሕመምተኞች ኦክሲጅን አጥተው ሞቱ፤ ይህ ኦክሲጅን በደኅናው ቀን የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃንና በቀዶ ጥገና የምትወልደውን እናት የሚያድን ነው።

ስለዚህ በሥልጣን ላይ ያላችሁ መኳንንት ሦስት ነገር እንድታስቡ እንለምናለን። ለሐኪሙና ለነርሷ መከላከያ ልብስ አስቀድሞ በየግምጃ ቤቱ ይቀመጥ። ኦክሲጅን በየአውራጃው ይገኝ። ወረርሽኝ በመጣ ጊዜም የማዋለጃው፥ የክትባቱና የሳንባ ነቀርሳው ክፍል እንዳይዘጋ ከወዲሁ ደንብ ይውጣለት። እናንተም ካህናት ሆይ፥ ሕዝቡ የእናንተን ቃል ያምናልና፥ በፍርሃት ጊዜ ነፍሰ ጡሯና ሕፃኑ ከሐኪም ቤት እንዳይቀሩ ምከሩልን።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ዛሬ ቅጠሉ በእጃችን አለ፤ እሳቱም ገና አልተነሣም።