ለበሬው ይሳላል፣ ለእንሰቱስ?

እኛ አገር፣ ጊምቢቹ ውስጥ፣ ቢላ የሚሳለው በዓመት አንዴ ነው ብል ማን ሐሰት ይለኛል? የመስከረሙ በዓላችን ያሆዴ ደርሶ የቅርጫው በሬ ሲጎተት ወንዱ ሁሉ ድንጋይ ፍለጋ ይወጣል። ውሃ ያስቀዳል፣ ይፈትጋል፣ ስለቱን በፀሐይ ያያል፣ የክንዱን ፀጉር ላጭቶ «አሁን ገና!» ይላል። ሚስቱ ጓሮ ውስጥ እንሰት የምትገነጥልበት ቢላ ግን ከአምናው ጀምሮ እንደ ማንኪያ ዱልዱም ነው።

የምናደደው የእናቴን እጅ ስለማውቀው ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጅና አንዴ ከተነቀለ ሥራው በሙሉ እሷ ላይ ይወድቃል፤ ቅጠሉን መቁረጥ፣ ግንዱን መገንጠል፣ መፋቅ፣ ሥሩን መከትከት፣ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር። ቢላው ሲደንዝ የሚደክመው ትከሻዋ ነው። ዱልዱም ቢላ አይቆርጥም ያለው ማነው? ይቆርጣል እንጂ፣ ሰው ይቆርጣል! በጉልበት ስትጫነው ከግንዱ ተንሸራቶ ጣት ላይ ያርፋል። እናቴ ግራ እጇ ላይ ሁለት ጠባሳ አላት፤ ሁለቱም ቢላው ስላልተሳለ የመጡ ናቸው።

«ገና ይቆርጣል እኮ» የሚሉኝ አሉ። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ስለት በአንድ ቀን አይሞትም፤ ቀስ እያለ ነው የሚከዳህ። ጠርዙን ወደ ብርሃን አዙረህ እየው፤ የተሳለ ከሆነ ለዓይን አይታይም፣ ነጭ መስመር ካብለጨለጨብህ ደንዟል። በአውራ ጣትህ ጥፍር ላይ ቀስ አድርገህ አሳርፈው፤ ከነከሰ ደህና፣ ከተንሸራተተ ወደ ድንጋዩ። ቲማቲሙ ከፈረጠ፣ ክትፎው ከተጨፈለቀ፣ ማጭዱ ስንዴውን ከነሥሩ ከነቀለ ግን ጊዜው ካለፈ ሰንብቷል።

የቀርከሃው መፋቂያ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ነው። ስለቱ ሲበዛ ቃጫውን ይበጣጥሳል፣ ሲያንስ የሚበላውን ቃጫው ላይ ያስቀራል። ልኩን የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። ማን ጠይቋቸው!

ከተማ ወስዶ በኤሌክትሪክ ድንጋይ ማስሞረድ ሥልጣኔ የመሰለውም አለ። ፍንጣሪው ሲያዩት ያምራል። ያለ ውሃ ግሎ ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ግን ብረቱ ጥንካሬውን ጥሏል፤ ጠዋት ተስሎ ማታ ይደንዛል። የእኔን አንድ ቢላ እንዲህ አቃጥለው መልሰውልኛል፤ ገንዘቡንም አመስግኜ ከፍያለሁ።

ቢላውን የማያይ ሰው ሌላም ነገር ያመልጠዋል። ተመራማሪዎቹ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የእንሰት አጠውልግ የባክቴሪያ በሽታ መሆኑን በ1968 እ.ኤ.አ. ጽፈው አሳውቀዋል። በሽታው ከጓሮ ጓሮ ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው የሚዞረው ቢላ ነው። ስለቱን በእሳት ማሳለፍ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ለመሳል ያላነሳነውን ቢላ ግን ለእሳቱስ ማን ያነሳዋል?

ካናዳ ውስጥ ሆኪ ተጫዋቾች በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን የጫማ ብረት ከግጥሚያ በፊት ሲያስሉ ይውላሉ። ለጨዋታ ነው እንግዲህ! እኛ ዓመቱን ሙሉ ለሚያበላን እንሰት ድንጋይ ቸገረን።

ባለፈው መስከረም አጎቴ ቢላዎቹን ደርድሮ ሊስል ሲቀመጥ የእናቴን አምጥቼ ከፊት አኖርኩት።

«አንተ ልጅ፣ በሬው ይቅደም እንጂ!» አለኝ፤ ሰዉም ሳቀ።

መልስ አልሰጠሁትም። ድንጋዩን ከእጁ ወስጄ ራሴው ሳልኩና ወደ ጓሮ ይዤላት ሄድኩ። እናቴ ተቀብላ ጥፍሯ ላይ አሳረፈችው፣ ጫን አደረገችው፣ ከዚያ መለሰችልኝ።

«ጫፉ ላይ ትንሽ ጨምርበት፣ ልጄ።»