ማንን ገጠመ? የት ገጠመ?

የዛሬው ወጋችን ከጉንፋንና ከክትባት ትንሽ ወጣ ይላል። ጥያቄው የመጣው ከአንድ የይፋግ አያት ነው። ልጃቸው የሚኖረው አሜሪካ ነው፤ የልጅ ልጃቸውም እዚያው ተወልዶ ኢንዲያና በሚባለው ግዛት ያድጋል።

«ሲስተር፣» አሉኝ፣ «ይህ ልጅ በስልክ ባገኘሁት ቁጥር የሚደግፈውን የቅርጫት ኳስ ቡድን ነገር ያነሳብኛል። 28 ጊዜ አሸንፎ፣ 6 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ፣ ከትልቁ ውድድር ሳይጠራ ቀረ ይለኛል። 28 ያሸነፈ እንዴት ይቀራል? እኔ የምመልስለት አጣሁ። አንቺ ልጅ ስታሳድጊም ስታክሚም የኖርሽ ነሽ፤ ምን ልበለው?»

እኔ የኳስ ባለሙያ አይደለሁም። ነገር ግን ይፋግ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ግማሹ ቤተሰብ ፋሲል ከነማ፣ ግማሹ ባሕር ዳር ከተማ በሆነበት ቤት የሚኖር ሰው ሳይወድ በግዱ ስለ ኳስ ይማራል። ለእኒህ አያት የመለስሁላቸው ነገር ለሌሎች ወላጆችም ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁ እነሆ።

ልጁ እውነቱን ነው። የኢንዲያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ልክ እንዲህ ሆኖ ቀርቷል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በየዓመቱ በመጋቢት ወር የሚያካሂዱት ትልቅ የቅርጫት ኳስ ውድድር አለ። በአንደኛው ዲቪዚዮን ከ350 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች ሲኖሩ በ2016 ዓ.ም. ወደዚህ ውድድር የገቡት ግን 68 ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበሮች ተከፋፍለው ይጫወታሉ። በዚያ ዓመት 32ቱ የየኮንፈረንሱ አሸናፊዎች በቀጥታ ገቡ። የቀሩትን 36 ቦታዎች የሞላው ተቀምጦ የሚመርጥ ኮሚቴ ነው። ኢንዲያና ስቴት በኮንፈረንሱ ፍጻሜ በድሬክ ዩኒቨርሲቲ 84 ለ 80 ተሸነፈ። የቀጥታው በር ስለተዘጋበት ከኮሚቴው በር ቆመ፤ እሱም አልተከፈተለትም።

ለምን? ኮሚቴው «ስንት አሸነፍህ?» ብቻ ብሎ አይጠይቅም። «ማንን አሸነፍህ? የትስ አሸነፍህ?» ይላል። የሚጠቀሙበት ስሌት ግልጽ ነው። ከፍተኛው ዋጋ የሚሰጠው ድል የሚባለው፣ በራስ ሜዳ ከሆነ ከ1ኛ እስከ 30ኛ ባለው ደረጃ ያለን ቡድን ማሸነፍ ነው። በገለልተኛ ሜዳ ከሆነ እስከ 50ኛ፣ በተጋጣሚ ሜዳ ከሆነ ደግሞ እስከ 75ኛ ያለው ይበቃል። በሰው አገር ማሸነፍ ከባድ መሆኑን እነሱም ያውቃሉ ማለት ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ትንሽ ኮንፈረንስ ውስጥ ያለ ጎበዝ ቡድን ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ የሚጫወተው ከኮንፈረንስ ጓደኞቹ ጋር ነው፤ አብዛኞቹም ዝቅተኛ ደረጃ ያላቸው ናቸው። እነሱን ቢያሸንፍ «ማሸነፍማ አለበት» ይባላል። ቢሸነፍ ግን ጉድ ይፈላል። ስለዚህ ትልልቆቹን የሚገጥምበት ጊዜ ከዚያ በፊት ያሉት ሳምንታት ብቻ ናቸው። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ግን ወደ ትንሹ ከተማ መጥቶ መጫወት አይፈልግም። ቢያሸንፍ ምንም አይጨምርለትም፣ ቢሸነፍ ግን መሳቂያ ይሆናል። የሚያደርገው ትንሹን ቡድን ገንዘብ ከፍሎ ወደ ራሱ ሜዳ መጥራት ነው። ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ገንዘቡን ይፈልገዋልና ይሄዳል፤ ልጆቹ መንገድ አድክሟቸው፣ ጩኸት በሞላበት አዳራሽ ይሸነፋሉ። ትንሹ ቡድን ጠንካራ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ያ ጥሪ እንኳ ይቀርበታል፤ አውቆ እሾህ የሚረግጥ የለምና።

እንግዲህ አስቡት። ደካማ ከሆንህ ተጠርተህ ትሸነፋለህ፤ ጠንካራ ከሆንህ አትጠራም። መጋቢት ሲደርስ ደግሞ «ማንን አሸነፍህ?» ተብለህ ትጠየቃለህ።

በሩ ከተከፈተላቸው ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. ሴንት ፒተርስ የሚባል የጀርሲ ሲቲ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ኮንፈረንሱን አሸንፎ በቀጥታ ገባ። ስሙ የገነነውን ኬንታኪን፣ ከዚያም መሪ ስቴትንና ፐርዱን ጥሎ ከመጨረሻዎቹ ስምንት አንዱ ሆነ። እነዚያ ልጆች በፍጻሜያቸው አንድ ቀን ተሸንፈው ቢሆን ኖሮ ስማቸውን የሚያነሳ አይኖርም ነበር።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ከመሰላችሁ ወደ ደጃችን እንመለስ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ በክለቦች ውድድር ከፍተኛ ነጥብ ላላቸው 12 አገሮች በሻምፒዮንስ ሊግም በኮንፌዴሬሽን ካፕም ሁለት ሁለት ቦታ ይሰጣል። ለሌላው አገር አንድ አንድ ብቻ ነው። ካፍን በ1949 ዓ.ም. ከመሠረቱት አገሮች አንዷ የሆነችው ኢትዮጵያ ባለ አንድ ቦታ ናት። ነጥቡ የሚገኘው ደግሞ ምድብ ውስጥ የገባ ክለብ ሲኖር ነው። በሻምፒዮንስ ሊግ እዚያ ለመድረስ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ እሱም በ2009 ዓ.ም. ነበር። ምድብ ካልገባን ነጥብ የለም፤ ነጥብ ከሌለ ቦታ አይጨመርም፤ ቦታ ካልተጨመረ ደግሞ ምድብ የመግባት ዕድሉ ጠባብ ነው። የኢንዲያናውን ልጅ ያስለቀሰው ክብ ይኸው ነው።

ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ጎንደርም ይፋግም የጨፈሩትን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ከዚያ በ2014 መባቻ፣ ገና አበባየሆሽ ተዘፍኖ ሳያልቅ፣ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ተጋጠመ። ሁለቱንም ጨዋታ አቻ ወጣ፤ አንዱንም አልተሸነፈም። ነገር ግን ባሕር ዳር ላይ የተቆጠሩበት ጎሎች በልጠው፣ ሳይሸነፍ ወጣ።

ጊዜውንም ልብ በሉት። የካፍ የመጀመሪያ ዙር ጨዋታዎች የሚውሉት በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ነው። ያ ወቅት በእኛ አገር ሊጉ የተዘጋበት፣ ሜዳው ጭቃ የሆነበት ክረምት ነው። አካል ከጨዋታ ርቆ ሲሰነብት ጉልበትም ትንፋሽም ይቀንሳል፤ ይህን ለማወቅ የግድ አሠልጣኝ መሆን አያስፈልግም። ባሕር ዳር ከተማም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የታንዛኒያውን አዛምን ሲገጥም «የሜዳው» ጨዋታ የተደረገው አዲስ አበባ ነው። እንዲያም ሆኖ በፍጹም ቅጣት ምት አለፈ፤ በሚቀጥለው ዙር በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ወጣ።

ሊጉም ራሱ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ተራ በተራ ሁሉንም ክለቦች አስተናገዱ። ይህ ጥቅም የለውም አልልም። ጊዜው የኮሮና ነበር፤ ጨዋታውንም በቴሌቪዥን ለማሳየት ይመቻል፤ የመንገድ ድካምም ይቀንሳል። ነገር ግን ተጫዋቹ ልጅም፣ ባልም፣ አባትም ነው። ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ሆቴል ውስጥ ለሳምንታት ሲሰነብት ሚስቱ ብቻዋን ትወልዳለች፣ ልጁ ትኩሳት ሲይዘው በስልክ ይሰማል። የጎንደር ደጋፊም ቡድኑን የሚያየው በአብዛኛው በቴሌቪዥን ሆነ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባል የለ? በራሱ ሜዳ፣ በራሱ ሰው ፊት ያልለመደ ቡድን የሜዳውን ጥቅም ከየት ያመጣዋል?

ብሔራዊ ቡድናችን ይህን በሁለቱም በኩል አይቶታል። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸንፎ ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰ። ከዚያ ስታዲየማችን መስፈርቱን አያሟላም ተባለ፤ «የሜዳችን» ጨዋታ ወደ ሰው አገር ተሰደደ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጋናን ጆሃንስበርግ ላይ «አስተናገድን»፤ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ 2 ለ 0 አሸነፍን። ድሉ ግሩም ነበር። ግን ከዚያ ምድብ አላለፍንም። በየጨዋታው እንግዳ ሆኖ የሚኖር ቡድን አንድ ቀን ተአምር ይሠራል፤ ዓመቱን ሙሉ ግን አይችለውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለወላጅና ለአያት ምን ይጠቅማል? ልጆቻችን በትምህርት ቤትና በወረዳ ውድድር ይጫወታሉ። ሲመለሱ የምንጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ «አሸነፋችሁ?» እኔ ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቅ እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ማንን ገጠማችሁ? ሁልጊዜ ደካማ እየገጠመ የሚያሸንፍ ልጅ ራሱን አያውቅም። የአካል ማጎልመሻ መምህሩን «ከእኛ የሚበልጥ ትምህርት ቤት ፈልጉላቸው» ብንል አናፍርም። በጠንካራ ቡድን 3 ለ 1 መሸነፍ፣ በደካማ ላይ 8 ጎል ከማግባት የበለጠ ያስተምራል። ተሸንፎ ሲመጣ አንጩህበት፤ ምን እንዳየ እንጠይቀው።

ሁለተኛ፣ የት ገጠማችሁ? ሁልጊዜ እየተጓዘ የሚጫወት ቡድን ከሆነ ነገሩ ፍትሐዊ አይደለም። ወላጆች ተባብረን ሜዳ ብናጸዳ፣ ለእንግዳው ቡድን ምሳና ውኃ ብናዘጋጅ፣ ሌሎቹም ወደ እኛ መምጣት ይለምዳሉ። ልጅ ቢያንስ ጥቂት ጊዜ በእናቱ ፊት መጫወት አለበት።

ሦስተኛ፣ መቼ ገጠማችሁ? ይህ የእኔ የሙያ ድርሻ ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሌሊት ተነሥቶ ተጉዞ፣ ቁርስ ሳይበላ፣ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ የሚሰለፍ ልጅ ለጉዳት የተጋለጠ ነው። በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ምንም ዓይነት ልምምድ የሌለበት ዕረፍት ይኑረው። ለትምህርት ቤቱም፣ ለሰፈሩም፣ ለወረዳውም የሚጫወት ጎበዝ ልጅ ካለ፣ ሦስቱ አሠልጣኞች ስለ እሱ አይነጋገሩም፤ የልጁን ሳምንት ጠቅልሎ የሚያየው ወላጅ ብቻ ነው። ጉልበቱን ወይም ተረከዙን ደጋግሞ ካመመው «ማደግ ነው» ብለን አንለፈው፤ ከጨዋታ አሳርፈን እናስመርምረው። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት፣ ያስመለሰው ወይም የተምታታበት ልጅ ደግሞ ፍጻሜም ቢሆን ወዲያው ከሜዳ ይውጣ፤ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ሐኪም ሳይፈቅድለትም አይመለስ።

ለአያትየው የነገርኋቸው በአጭሩ ይህ ነው። ለልጁ «ቡድንህ ደካማ ስለሆነ ቀረ» አይበሉት፤ «ዳኛ በድሎት ነው» ብለውም አያጽናኑት። የተለካበትን መለኪያ ያስረዱት። ያ ቡድን ከትልቁ ውድድር ከቀረ በኋላ ኩርፊያ አልያዘም፤ ወደ ሁለተኛው ውድድር ገብቶ አራት ጊዜ አሸንፎ ፍጻሜ ደረሰ፤ በሴተን ሆል 79 ለ 77፣ በሁለት ነጥብ ብቻ ተሸነፈ። ይህንንም ይንገሩት። የቀረበት ጥሪ አለ፤ የተሰጠውን ጨዋታ ግን በሚገባ ተጫውቷል።

እኛም በቤታችን ያሉትን ልጆች በውጤታቸው ከመመዘናችን በፊት ማንን፣ የትና መቼ እንደገጠሙ እንጠይቅ። ፕሮግራሙን የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው፤ ጨዋታውን የሚጫወተው ግን ልጁ ነው።