ከሴንሰሩ በፊት መዝሪያው

በሀዲያ ኮምባይነር ይበልጥ የሚታወቀው በስንዴ አጨዳ ነው። ስንዴን ምላጩ በሙሉ ወርዱ ስለሚያጭደው በመስመር ተዘራም ተበተነም ለማሽኑ ያው ነው። በቆሎ ግን እንዲህ አይደለም። የበቆሎ ማጨጃ ግንባር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ሹል አፍንጫዎች አሉት፤ አገዳው በሁለቱ መካከል ገብቶ ወደ ታች ሲሳብ ራሱ ከላይ ተቀንጥሶ ይቀራል። ኦፕሬተሩ አንድ ስንዝር ከሳተ አገዳው ይጎብጥና ራሱ መሬት ይወድቃል። በየ10 ካሬ ሜትሩ አንድ ራስ ቢወድቅ በሄክታር 1,000 ይሆናል፤ እያንዳንዱ 150 ግራም ፍሬ ቢይዝ ገበሬው 1.5 ኩንታል አጣ ማለት ነው። እንደ ክላስና ጆን ዲር ያሉ አምራቾች ለዚህ ያበጁት መላ አገዳውን ከግራና ከቀኝ የሚዳስስ ክንድ ነው፤ ክንዱ ምን ያህል እንደተገፋ ሴንሰር ያነባል፣ መሪውም በዚያው ልክ ይታረማል። ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም የጊቤ ወረዳ ዋና ከተማ ሆመቾና አካባቢዋ በቆሎን በማሽን ለማጨድ ሲነሡ የመጀመሪያው ብር መውጣት ያለበት ለመዝሪያ እንጂ ለዚህ ሴንሰር አይመስለኝም።

ምክንያቴ ከአሠራሩ ይነሣል። ስድስት መስመር በሚያጭድ ግንባር ላይ ዳሳሹ ብዙውን ጊዜ የሚነካው መካከል ያለውን አንድ መስመር ነው። የቀሩት አምስቱ ከእሱ እኩል ርቀው እንደሚሄዱ አስቀድሞ ታምኗል። በማሽን በሚዘራበት አገር እንኳ የመዝሪያው አንድ ምልልስ ከቀጣዩ ጋር የሚጎራበትበት ክፍተት ስለሚዛነፍ የማጨጃውና የመዝሪያው የመስመር ቁጥር እንዲጣጣም ይደረጋል። በገመድ ወይም ከበሬ ኋላ በዓይን ልክ በሚዘራ ማሳ ደግሞ እያንዳንዱ መስመር እንዲህ ያለ የሚዛነፍ ክፍተት ነው። የግብርና ባለሙያው 75 ሳንቲ ሜትር ቢመክርም አንዱ 65፣ አንዱ 85 ሆኖ ሲወጣ ሴንሰሩ መካከለኛውን በታማኝነት ይከተላል፣ ዳር ያሉትን ግን ይደፈጥጣቸዋል።

የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ከተፈቀደበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ዘመናዊ ማሽን ማስገባት ስለቀለለ ለምን እንጠብቃለን የሚል ይኖራል። ቀረጡ መነሣቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቀረጡ የተነሣው ለመዝሪያም ነው። ማሳው ጠባብ ነው የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ከአንድ ሄክታር ባነሰ መሬት ላይ ኮምባይነር ከሚያጭድበት ጊዜ የሚዞርበት ይበዛል። መውጫው ኩታ ገጠም እርሻ ነው፤ እሱም ጎረቤታሞች ዘሩንና ቀኑን ብቻ ሳይሆን የመስመሩን አቅጣጫና ርቀትም ሲስማሙ ነው የሚሠራው። ይህን ደግሞ በኪራይ የሚዞር አንድ መዝሪያ ከብዙ ስብሰባ በተሻለ ያስማማል። ሙሉ መልስ ያላገኘሁለት ተቃውሞም አለ፦ በበቆሎው መሐል የሚዘራው ቦሎቄና ለከብት፣ ለማገዶና ለአጥር የሚፈለገው አገዳ። ማሽኑ አገዳውን አድቅቆ ከተወው ለቤቱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ቦሎቄ የሚሰባጠርበትንና አገዳው የሚፈለገውን ማሳ ለእጅና ለደቦ መተው ግድ ይላል። ደቦው ራሱ ግን ከሀዲያና ከከምባታ ወጣቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚሰደድበት በዚህ ዘመን ሰው እየጎደለው ነውና ጠቅላላውን አጨዳ በእሱ ትከሻ ላይ ማሰብ አይቻልም።

ሆሳዕና ያለው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና የእርሻ መሣሪያ ምርምር የሚካሄድበት የመልካሳ ማዕከል ለሚመጣው በልግ አንድ ኩታ ገጠም ማሳ መርጠው ግማሹን በመዝሪያ፣ ግማሹን በገመድ ያዘሩ። ቡቃያው ጉልበት ሲደርስ በየመስመሩ መካከል ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ፤ ሲታጨድ መሬት የወደቀውን ራስ ይቁጠሩ። ወረዳው የሴንሰር ዋጋ የሚጠይቀው ሁለቱ ቁጥሮች በእጁ ከገቡ በኋላ ይሁን።