ስለ ኪራይ መኪና አጠባበቅ በስሜን መንገድ

ከጎንደር ተነሥተው በዳባት በኩል ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ተራራ ከሚመላለሱት አውቶሞቢሎች ጥቂት የማይባሉት የኪራይ ናቸው። ጎብኝ ይዞ የሚወጣው፥ ለጥናት የሚላከው፥ ለእርዳታ ሥራ የሚሰማራው ሁሉ መኪናውን በቀን ሒሳብ ተከራይቶ ይሄዳል። ውሉ በሚጻፍበት ጊዜ የቀኑ ዋጋ፥ የነጂው አበል፥ ነዳጁም በማን እንደ ሆነ ተለይቶ ይጻፋል። ዘይቱን ማን እንደሚለውጥ፥ ፍሬኑን ማን እንደሚመረምር፥ ጎማው ያለቀ እንደ ሆነ ማን እንደሚተካ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። ባለንብረቱ የተከራየው ይጠብቀው ይላል፤ ተከራዩም ንብረቱ የእኔ አይደለም ይላል፤ መኪናውም በሁለቱ መካከል ሳይታደስ ይኖራል።

ነገሩ በሜዳ አገር ቢሆን ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ በሆነ ነበር። ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር የሚወጣው መንገድ ግን ጠጠርና አቧራ ነው፤ ወደ ቧሂት ሲደርስም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ ሲሶውን ያህል ያጣል። ውሃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ87 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን እንፋሎቱን አፍኖ ካልያዘ ውሃው በዳገቱ ላይ ፈልቶ ያልቅና ሞተሩ ይቃጠላል። ክዳኑ በዋጋው እጅግ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ በጎንደር ተቀምጦ ተሳፋሪው ደግሞ ጭላዳና ዋልያ ለማየት ሲቸኩል ስለዚያ ክዳን የሚያስብ ማን ነው? አቧራውም የአየር ማጣሪያውን ቶሎ ስለሚደፍነው በእንዲህ ያለ አገር ማጣሪያውና የሞተሩ ዘይት በሜዳ ከሚለወጡበት ጊዜ አስቀድመው እንዲለወጡ የመኪና ሠሪዎች ያዝዛሉ። በቀን ሒሳብ የሚከራይ መኪና ግን በቀኑ ቍጥር እንጂ በሄደው ኪሎ ሜትር አይቈጠርምና የዘይቱ ጊዜ ማለፉን የሚያስታውስ የለም።

ከሁሉ የሚከፋው ከደባርቅ በስተ ሰሜን ያለው ሊማሊሞ ነው። ይህ መንገድ ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን በገደሉ ላይ ጠርበው ያወጡት ሲሆን፥ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። (ፍሬን፥ ጎማ፥ ባሌስትራ፥ ፍሪሲዮን የሚባሉት የጋራዥ ቃላትም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ባለ መንገዱ ሲሄድ መንገዱና ቃላቱ ቀርተዋል።) የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበትን የሚስብ ነገር ነው። ለዓመታት ሳይለወጥ የቆየ እንደ ሆነ፥ ፍሬኑ በረዥም ቁልቁለት ላይ ሲግል በዘይቱ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ይተናል፤ ነጂውም ሲረግጥ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። ልምድ ያለው ነጂ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን አስይዞ ይወርዳል፤ ሆኖም የነጂ ጉብዝና ያረጀ የፍሬን ዘይትን አያድስም። ይህ ጉድለት በውጭ ለሚመለከት ሰው አይታይም፤ ቀለሙ የሚያበራና ወንበሩ የጸዳ መኪና ዘይቱ ያረጀ ሊሆን ይችላል።

የሰውን ንብረት በኪራይ ይዞ የመጠበቅ ነገር ለአገሩ አዲስ አይደለም። በሬ ያነሰው ገበሬ ከጎረቤቱ በእህል ሲከራይ መኖው የማን እንደ ሆነ፥ በሬው በቀንበር ሥር ቢጐዳ ዕዳው በማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ይነጋገራል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ አደራ፥ ስለ ውሰትና ስለ ኪራይ ይናገራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1731ኛው አንቀጽ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ እንደ ሕግ መሆኑን ደንግጓል። የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቍጥር 103/1990ም ዕቃው በፍጻሜው የተከራዩ የሚሆንበትን ኪራይ ለአገልግሎት ብቻ ከሚሰጠው ኪራይ ለይቶታል። ልዩነቱ ለጥገናም ነገር ይጠቅማል፤ ይኸውም ነገ የራሱ የሚሆን ሰው ዛሬ ይጠነቀቃል፤ ለአምስት ቀን የያዘው ግን በስድስተኛው ቀን ስለሚሆነው አያስብም። ስለዚህ በአጭር ኪራይ የጥገናው ሸክም ለባለንብረቱ ቢሰጥ፥ ዋጋውም በኪራዩ ውስጥ ቢታሰብ ይሻላል።

እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አለ። መኪና በጨረታ ሲከራዩ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበውን መምረጥ የተለመደ ነው። ጎማውን በጊዜው የሚለውጥና መኪናውን በየጊዜው ጋራዥ የሚያስገባ ባለንብረት ወጪውን በዋጋው ላይ ስለሚጨምር ይሸነፋል፤ ያልጠገነው ያሸንፋል። የመንግሥት ገንዘብ ቈጠበ የተባለው ሹም ያልታደሰ ፍሬን ገዝቶ ሠራተኞቹን ወደ ሊማሊሞ ይልካል ማለት ነው። ሒሳብ መርማሪውም የዋጋውን ወረቀት ያያል እንጂ የፍሬኑን ዘይት አያይም።

በሽታው በ2012 ዓ.ም. የጎብኝዎችን መምጣት ካቋረጠው በኋላ፥ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻም ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ እስከ ጭና በደረሰ ጊዜ፥ ሥራ ፈቶ የቆመ የኪራይ መኪና ጥቂት አልነበረም። የቆመ መኪና ያረፈ ይመስላል፤ ነገር ግን ባትሪው ይሞታል፥ ጎማው በአንድ ወገን ተጭኖ ይሰነጠቃል፥ ፍሬኑ ይዝጋል፥ አይጥም ሽቦውን ትበላለች። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲነገር፥ ያለውን መኪና አስታሞ መያዝ ከፊተኛው ይልቅ አስፈላጊ ሆነ።

ውሉ በአንድ ገጽ ሊያልቅ ይችላል። መኪናው ሲወጣ የኪሎ ሜትሩ ቍጥር፥ የጎማዎቹ ሁኔታ፥ ትርፍ ጎማና ክሪክ መኖሩ፥ ዘይቱና የፍሬን ዘይቱ የተለወጡበት ቀን በሁለቱ ወገን ፊርማ ይጻፍ። ክፍያውም ከቀኑ ጋር በኪሎ ሜትር ቢታሰብ ባለንብረቱ ለእድሳት የሚሆነውን ያገኛል። በመንገድ ላይ ብልሽት ሲደርስ ነጂው እስከ ስንት ብር ድረስ ሳያስፈቅድ ማሠራት እንደሚችል ካልተጻፈ ግን፥ ስልክ በማይሰማበት ተራራ ላይ ፈቃድ ሲጠብቅ ይመሻል። ነጂው ለባለንብረቱ ተቀጥሮ ለተሳፋሪው የሚታዘዝ ሰው ነውና፥ ፍሬኑን ሳይመረምር ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ አልወርድም ቢል አበሉ እንዳይቀነስበት ይህም በዚያው ገጽ ላይ በስሙ ይጻፍለት።