ኔት ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ ሁሌ የስልካችሁ አይደለም፤ ዳታችን በየት በኩል ነው የሚጓዘው?

ጳጉሜ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ቅዳሜ ዕለት፣ በሳዑዲ አረቢያዋ ጅዳ አቅራቢያ፣ ቀይ ባህር ውስጥ የተዘረጉ የኢንተርኔት ኬብሎች ተቆረጡ። በፓኪስታን፣ በህንድና በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ኔት ተንቀራፈፈ። ማይክሮሶፍትም «አዙር» የተባለው የክላውድ አገልግሎቱ በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል ሲያልፍ እየዘገየ መሆኑን ለደንበኞቹ አሳወቀ። ዱባይ ወይም አቡዳቢ ዘመድ ያላችሁ፣ በዚያ ሰሞን ጥሪው እየተቆራረጠ አስቸግሯችሁ ከነበረ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

ባህር ስር የተቆረጠ ኬብል እንዴት ስልክ ላይ ይታያል?

🔹 ኔት አየር ላይ አይደለም

በአየር የሚሄደው በዋናነት ከስልካችሁ እስከ ቅርቡ ታወር ያለው ብቻ ነው። ከዚያ ዳታው ፋይበር ውስጥ ይገባል። ፋይበር እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው፤ መልእክታችሁ የብርሃን ብልጭታ ሆኖ ያልፍበታል። በአህጉራት መካከል ከሚመላለሰው ዳታ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በባህር ስር ኬብል ነው የሚሄደው። ሳተላይት የሚሸከመው ጥቂቱን ነው።

🔹 ዳታ እንዴት ይጓዛል?

ፎቶ ስትልኩ እንዳለ አይሄድም። «ፓኬት» ወደሚባሉ ትናንሽ ቁርጥራጮች ይከፋፈላል (የምትገዙት ፓኬጅ አይደለም 😅)። አንዱ ፓኬት ብዙውን ጊዜ ከ1,500 ባይት ስለማይበልጥ የ3 ሜጋባይት ፎቶ ወደ 2,000 ገደማ ፓኬት ይሆናል። እያንዳንዱ ፓኬት የላኪና የተቀባይ አድራሻ አለው። መንገድ ላይ ራውተር የሚባሉ ማሽኖች፣ ልክ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ፣ አድራሻውን እያዩ «አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ» እያሉ ያሳልፉታል።

መንገድ ላይ የጠፋ ፓኬት ካለስ? ሁለት ዓይነት አሠራር አለ።

👉 ቲሲፒ፦ ቪንት ሰርፍ እና ቦብ ካን እ.ኤ.አ. በ1974 ሐሳቡን ያቀረቡት አሠራር ነው። «ደረሰ ወይ?» ብሎ ያረጋግጣል፣ ያልደረሰውን ደግሞ ይልካል። ጽሑፋችሁ ዘግይቶም ቢሆን ሙሉ ሆኖ የሚደርሰው ለዚህ ነው።

👉 ዩዲፒ፦ ይልካል፣ ዞር ብሎ አያይም። ጥሪና ኦንላይን ጌም ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው የሚሠሩት። ከሁለት ሰከንድ በፊት የተባለ ቃል አሁን ቢደርስ ምን ይጠቅማል?

ለዚህ ነው መንገድ ሲጨናነቅ ጽሑፍ የሚዘገየው፣ ጥሪ ደግሞ የሚቆራረጠው።

🔹 ኬብል ሲቆረጥስ?

ራውተሮቹ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። ኔት ጨርሶ ሳይጠፋ የሚንቀራፈፈውም ለዚህ ነው። ችግሩ፣ አማራጩ መንገድ ሊረዝም ይችላል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ መንገዱ በ10,000 ኪሎ ሜትር ከረዘመ ደርሶ መልስ 100 ሚሊሰከንድ ይጨመራል። ፐብጂ የምትጫወቱ ፒንግ በ100 ሲጨምር ምን እንደሚፈጠር ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ ሁሉም እኩል ወደዚያው ስለሚዞር ይጨናነቃል።

🔹 እኛስ?

ኢትዮጵያ የባህር በር ስለሌላት የባህር ኬብል የሚያርፍበት የራሷ ዳርቻ የላትም። ዳታችን መጀመሪያ በየብስ ወደ ጎረቤት፣ በተለይ ወደ ጅቡቲና ኬንያ ሄዶ ነው ባህር የሚገባው። ወደብ ሲባል ትዝ የሚለን ነዳጅና ማዳበሪያ ነው፤ ዳታችንም ግን በጎረቤት ወደብ በኩል ነው የሚመጣው።

ዋናው ነጥብ እዚህ ጋ ነው፦ የኬብል ብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሦስት ኬብል በአንድ ጠባብ ቦታ ካለፈ፣ አደጋ ሲመጣ እንደ አንድ መንገድ ነው የሚቆጠረው። ከጅቡቲ በባህር ወደ አውሮፓ የሚሄዱት ኬብሎች በአብዛኛው ባብ ኤል መንደብንና ቀይ ባህርን ያልፋሉ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በሁቲዎች የተመታችው «ሩቢማር» መርከብ መልህቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ ሦስት ኬብሎችን ሳትቆርጥ እንዳልቀረች የአሜሪካ ባለሥልጣናት ተናግረዋል። አካባቢው የግጭት ቀጠና በመሆኑ ጥገናው ወራት ፈጀ። በግንቦት 2016 ደግሞ በደቡብ አቅጣጫ «ኢሲ» እና «ሲኮም» የተባሉ ኬብሎች ተቆርጠው ኬንያና ታንዛኒያን ጨምሮ በርካታ የምሥራቅ አፍሪካ አገራት ተቸገሩ። በሦስት ወር ገደማ ውስጥ በሰሜንም በደቡብም ያለው መንገድ ተመታ ማለት ነው።

🔹 ተቆረጠ ወይስ ተዘጋ?

ኔት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚመጣልን «መንግሥት ዘጋው» የሚለው ነው። ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሰኔ 2012 ማብቂያ የተዘጋው ኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቷል። ግን የሁለቱ ምልክት ብዙውን ጊዜ ይለያያል።

✅ ኬብል ሲቆረጥ ውጭ ያለው ነገር ይንቀራፈፋል፣ ሰርቨሩ አገር ውስጥ ያለ አፕ ግን ይሠራል፤ ጎረቤት አገራትም አብረው ይቸገራሉ።
✅ በትእዛዝ ሲዘጋ ግን ድንበር ጠብቆ ነው፦ አንድ ክልል ወይም የተመረጡ አፖች ይጠፋሉ፣ ጎረቤት አገር ደህና ነው።

🔹 ምን እንጠይቅ?

5ጂ በዋናነት የሚያፈጥነው ከስልካችሁ እስከ ታወር ያለውን ነው። ከታወሩ ወዲያ ያለውን ሌላ ሥራ ይወስነዋል። ስለዚህ ቴሌኮሞች «ፍጥነት ጨመርን» ሲሉን ሁለት ጥያቄ እንጨምር፦ ወደ ባህር የሚወስዱን መንገዶች ስንት ናቸው፣ የሚገናኙትስ የት ላይ ነው? ብዙ የምናየው ቪዲዮና የምንጠቀመው አፕስ ምን ያህሉ አገር ውስጥ ካለ ሰርቨር ይመጣል? አገር ውስጥ ያለው በበዛ ቁጥር ቀይ ባህር ላይ የሚጎተት መልህቅ እኛን የመንካት ዕድሉ ያንሳል።

እናንተ ጋ ኔት ሲንቀራፈፍ መጀመሪያ የሚቸግረው ምኑ ነው፤ ጥሪ፣ ጌም ወይስ ቪዲዮ? ጻፉልን 👇