«ቤዝ» ፍለጋ በጆሮ ዋጋ

በአዲስ አበባ ጠዋት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀበለው ከኋላ ወንበር ሥር የሚመታው ሙዚቃ ነው። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ስልክ ያነሳ ሰው አንድ ጆሮውን በእጁ ይደፍናል፤ መውረድ የፈለገ ተሳፋሪም «ወራጅ አለ!» የሚለውን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ይጮኻል። በቤት መኪናም ቢሆን ነገሩ እየተለመደ ነው። መኪና የገዛ ወጣት ከጎማና ከዘይት ቀጥሎ የሚያስበው «ቤዙ እንዲመታ» እስፒከርና አምፕሊፋየር ማስገጠምን ሆኗል።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ ክርክሩ በአብዛኛው በረብሻና በሥነ ሥርዓት ላይ ያተኩራል። አንዱ «የሰው ሰላም ይነሳል» ሲል ሌላው «መኪናው የራሴ ነው» ይላል። ጤናን በተመለከተ ግን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው መንገድ ዳር የቆመው አላፊ ሳይሆን ከድምፁ ጋር ቀኑን ሙሉ የሚውለው ሹፌርና ረዳት ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ይህን የተዘነጋ ጎን ይመለከታል።

ቤዝ ጆሮን እንዴት ያታልላል?

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል። ቤዝ የምንለው ወፍራም ድምፅ የሚገኘው በዚህ መስመር ታችኛው ጫፍ ላይ ሲሆን፣ ጆሯችን ይህን ድምፅ የሚቀበለው በደካማው ነው። የ50 ኸርዝ ድምፅ ከ1 ሺህ ኸርዝ ድምፅ ጋር እኩል ጎልቶ እንዲሰማን ከ20 ዴሲቤል በላይ መብለጥ ይኖርበታል። በዚህ ላይ የሞተርና የጎማ ጩኸት ራሱ ወፍራም ድምፅ በመሆኑ መኪናው ሲንቀሳቀስ ቤዙን ይውጠዋል። ሹፌሩ «ቤዙ ጠፋ» ብሎ ድምፅ ይጨምራል። በዚያን ጊዜ ግን የሚጨምረው ቤዙ ብቻ አይደለም፤ የዘፋኙ ድምፅም፣ ከበሮውም፣ ቀጭኑም ድምፅ አብሮ ይጨምራል። ጆሮን ይበልጥ የሚጎዱትም እነዚህ መካከለኛና ቀጭን ድምፆች ናቸው።

በውስጠኛው ጆሯችን ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ ፀጉር መሰል ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። በአንድ ጆሮ ውስጥ ያሉት 15 ሺህ ገደማ ብቻ ሲሆኑ፣ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። በከፍተኛ ድምፅ የሚመጣ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በ4 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ይጀምራል። ተጎጂው ሰው የሚናገረውን ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይለትም። «ሰ»፣ «ፈ» እና «ሸ»ን የመሳሰሉ ቀጭን ድምፆች ያመልጡታል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በሌላ ትርጉም ይሠራል፤ ጆሮ ሲጎዳ አያምም፣ አይደማም፣ ለባለቤቱም ቶሎ አይናገርም።

የሳምንቱ ድርሻ ሰኞ ሲያልቅ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው አደጋ የለውም ብሎ የሚያስቀምጠው የማድመጥ ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ለሕፃናት ደግሞ 75 ዴሲቤል ነው። ዋናው ነጥብ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ መቀነሱ ነው። በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ዴሲቤል 10 ሰዓት፣ በ89 ዴሲቤል 5 ሰዓት፣ በ95 ዴሲቤል ደግሞ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል።

ይህን ወደ ታክሲ ሥራ እናምጣው። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ሥራ የጀመረ ረዳት በ89 ዴሲቤል ሙዚቃ ውስጥ ከዋለ የሳምንቱ ድርሻው በዚያው ቀን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ የሚሰማው ሁሉ ከልክ በላይ ነው። ለአሥር ደቂቃ ተሳፍሮ የሚወርድ ሰውና እሱ ያለባቸው አደጋ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ በ2021 ባወጣው ሪፖርት በ2050 ወደ 2 ነጥብ 5 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች የተለያየ ደረጃ ያለው የመስማት ችግር ሊኖርባቸው እንደሚችል ገልጿል። የድምፅ ጉዳት ከሌሎቹ መንስኤዎች የሚለየው ሙሉ በሙሉ መከላከል የሚቻል በመሆኑ ነው።

በአገራችን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን ከብክለት መንስኤዎች መካከል ያካተተ ሲሆን፣ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው መመዘኛ በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ይህ መመዘኛ የሚጠብቀው ግን ከድምፁ ውጭ ያለውን ነዋሪ ነው። በመኪናው ውስጥ ያለው ሠራተኛ ጉዳይ የሥራ ላይ ደኅንነት ጥያቄ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ጤና እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ረዳቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የጽሑፍ ውል የለውም፤ ቴፑን የሚቆጣጠረውም ሹፌሩ ነው። ስለዚህ ታክሲ ማኅበራትና የሚመለከታቸው ቢሮዎች ድምፅን እንደ ፍሬንና መብራት ሁሉ የደኅንነት ጉዳይ አድርገው ሊይዙት ይገባል። ድምፁ ከልክ ሲያልፍ የአምቡላንስ ጩኸትና የሌላ መኪና ክላክስ ስለሚውጥ ጉዳዩ የትራፊክ አደጋም ነው።

ጥሩ ቤዝ ሳይጮኽም ይገኛል

ሙዚቃ ይዘጋ ማለታችን አይደለም። እንዲያውም በሥርዓት የተገጠመ ቤዝ ድምፅን ለመቀነስ ይረዳል፤ ምክንያቱም ቤዙ በዝቅተኛ ድምፅ በሚገባ ከተሰማ ሌላውን መጨመር አያስፈልግም። አዲስ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የሚከተሉትን ይመልከቱ።

በመጀመሪያ የእስፒከሮቹ ሽቦ እንዳልተገላበጠ ያስፈትሹ። የአንዱ በር ፕላስና ማይነስ ከተገላበጠ አንዱ እስፒከር አየሩን ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል፤ በዚህም ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ይህን ማስተካከል የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

ቀጥሎ በሩን ያስታዩ። በላሜራው ላይ ያሉት ክፍት ቀዳዳዎች ከእስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ ከፊት ከሚወጣው ጋር ተገናኝቶ እንዲያዳክመው ያደርጋሉ። ቀዳዳዎቹን መድፈንና ላሜራውን ንዝረት በሚውጥ ተለጣፊ መሸፈን ትልቅ እስፒከር ከመግዛት የተሻለ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

ሰብዉፈር ካስፈለገም የመኪና ውስጥ ጠባብ በመሆኑ ቤዝን በራሱ ያጎላል፤ በዝግ ሳጥን የተሠራ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች ለቤት መኪና ይበቃል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ወደ ሰብዉፈሩ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ በሮቹ እስፒከሮች እንዲሄድ ያስከፍሉት። ከባትሪው የሚነሳው የአምፕሊፋየር ሽቦ ለባትሪው ቅርብ በሆነ ቦታ ፊውዝ ሊኖረው የግድ ነው፤ ያለ ፊውዝ የተሳበ ሽቦ ከተላጠ እሳት ያስነሳል። ቴፑ የድምፅ ጣሪያ መወሰኛ ካለው ሳይረሱ ይጠቀሙበት።

ጆሮዎን በራስዎ ይፈትሹ

ልኩን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። አጠገብዎ ላለ ሰው ለመናገር መጮኽ ካስፈለገዎት ድምፁ 85 ዴሲቤል አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። ሌላው የጠዋትና የማታ ፈተና ነው። ጠዋት ሞተር ሳያስነሱ ሬዲዮውን ንግግሩ ለጥቂት በሚለይበት መጠን ያድርጉና ቁጥሩን ያስታውሱ። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ሞተሩን አጥፍተው በዚያው ቁጥር ያድምጡ። ንግግሩ ካልተለየልዎት ጆሮዎ በዕለቱ ተዳክሟል። ይህ ድካም አድሮ ሊለቅ ይችላል፤ በየቀኑ ከተደጋገመ ግን ቋሚ ይሆናል።

በጆሮዎ ውስጥ የሚጮኽ ድምፅ ከቆየ፣ ጆሮዎ የታፈነ ከመሰለዎት ወይም ቤተሰብ «ቴሌቪዥኑን አበዛኸው» ማለት ከጀመረ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሄደው የመስማት ምርመራ ያድርጉ። የአንድ ጆሮ መስማት በድንገት ከጠፋ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት ያስፈልጋል፤ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ተስፋው ይቀንሳል። ዘይት ማንጠባጠብና በክብሪት እንጨት መጎርጎር መፍትሔ አይደለም።

ሹፌሮች ሥራ ላይ ድምፁን ዝቅ ማድረግ፣ በየተራው ወረፋ ሲጠብቁም ቴፑን ዘግተው ጆሮን ማሳረፍ ይችላሉ። ተሳፋሪም «እባክህ ቀንስልን» ሲል ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለረዳቱም ነው የሚናገረው። እስፒከር ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ የሞተ የጆሮ ሕዋስ ግን በየትኛውም ገበያ አይገኝምና ሳይቃጠል በቅጠል እንበል።